የኦነር ሺሂ ደብዳቤ ጀርባ

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 1823

ዝናብ። የሊፊ ወንዝ ጎድሎ ጭቃው ወጥቷል፤ ሽታው እስከ ጠረጴዛዬ ተከትሎኝ መጣ። ደብሊን በዚህ ወር ሁልጊዜ እንዲህ ናት።

ወደ መሥሪያ ቤታችን፣ ወደ አገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት፣ አርባ አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ገባ። እያንዳንዱን ሦስት ቦታ አጠፍኩ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ሰጠሁ፣ ከቁጥሩ ሥር አንድ መስመር ጻፍኩ። ማን ጻፈው፣ ምን ፈለገ። አሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው። ሰውየው አራት ገጽ ሙሉ ያለቅሳል፣ እኔ «የክሌር ገበሬ። እርዳታ ይለምናል» ብዬ እገላገለዋለሁ። አለቃችን ሚስተር ፔንትላንድ ያቺን መስመር አንብበው ከሥሯ ይመራሉ። ውስጡን? በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ደብዳቤ ከፍተው ሲያነቡ አይቻለሁ። ከአክስታቸው ልጅ የመጣ ነበር።

ዛሬ ሱረታቸውን ስበው አንድ የሊትሪም አቤቱታ ላይ አስነጠሱበት። ከዚያ ብርዕ በምንቀርጽበት ቢላ ጥፍራቸውን ቆረጡ። ቢላው የኔ ነው። አጠብኩት። እንደገና አጠብኩት...

ከጎኔ የሚቀመጠው ክሮስቢ ቀዝቃዛ የበግ ሥጋውን እያኘከ፣ «አንተ ሎውሪ፣ ፊትህን ምን አጠቆረው? አየርላንድ በሙሉ እግርህ ሥር ተንበርክካ እየለመነችህ!» አለኝ። የጣቱን ስብ የለመነችበት ወረቀት ላይ ጠረገ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

አንዱን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለምን? የእጅ ጽሑፉ አምሮ። የሰፈር መምህር የጻፈላት መሆን አለበት። እንደዚያ ያለ ፊደል እዚህ ቤት ውስጥ የሚጽፍ የለም፣ እኔን ጨምሮ።

ኦነር ሺሂ ትባላለች። ሊምሪክ አውራጃ፣ ኪልሞይል የሚባል መንደር። ባሏ ዳርቢ ሺሂ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከቤት ውጭ ተገኘ። በዚያ አውራጃ የሰዓት እላፊ አዋጅ ስላለ ይህ ብቻውን ሰባት ዓመት ግዞት ነው፣ ከባሕር ማዶ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ። ጦር መሣሪያ አልያዘም። ማንንም አልነካም። ሚስቱን ምጥ ይዟት አዋላጅ ሊጠራ እየሮጠ ነበር። ልጁ በዚያው ምሽት ተወለደ፣ አባትየው እስር ቤት ሆኖ። ደብዳቤው ውስጥ ትንሽ ወረቀት በመርፌ ተያይዛለች። አዋላጇ ፔግ ላፋን እውነት ነው ብላ ምስክርነት ሰጥታለች። መጻፍ ስለማታውቅ የመስቀል ምልክት አድርጋለች።

ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ «የሊምሪክ ሴት። ለባሏ ምሕረት ትለምናለች።»

ፔንትላንድ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የአካባቢው ዳኛ አስተያየት ይስጡበት። ይመራ።»

«ጌታዬ፣ ዳኛው ሚስተር ግሬቭዝ ናቸው። የያዙትም፣ ተሰይመው የፈረዱበትም እሳቸው...»

«ታዲያ ከሳቸው የበለጠ ጉዳዩን ማን ያውቀዋል? ዋናውን እንዳለ ይላኩት፣ ሚስተር ሎውሪ። ለመገልበጥ ጊዜ የለንም።»

አሠራራችን ነው። ማንም ሰው በማንም ላይ ቢያመለክት አቤቱታው ለተከሳሹ ይላካል፣ በትሕትና። ስንት ጊዜ ልኬያለሁ? ቆጥሬ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ተላከ። የማኅተም ሰም ጨርሰናል፤ ከታች ፎቅ ተበደርን።

ሰኞ፣ ማርች 17

የቅዱስ ፓትሪክ ቀን። ፔንትላንድ ባርኔጣቸው ላይ የአየርላንድን ምልክት፣ ባለ ሦስት ቅጠሏን ሣር፣ ሰክተው መጡ። አየርላንዳዊነታቸው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ያውም እስከ ምሳ።

የዳኛው መልስ መጣ። የኦነር ደብዳቤ አብሮ ተመልሷል። ላዩ ላይ የወይን ብርጭቆ ክብ ምልክት አለ። የዳኛውን ቃል እዚህ ልገልብጠው፣ ኋላ ሕልም ነበር እንዳልል፦

«ጌታዬ፣ የላኩልኝ አቤቱታ መድረሱን ለመግለጽ ክብር አለኝ። ሴትዮዋ የታወቀች ውሸታም ናት። በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰችውን አዋላጅ ወደ ቤቴ አስጠርቼ ጠይቄያት ምንም እንደማታስታውስ ነግራኛለች። መምህሩም ከእንግዲህ ብርዕ እንዳያነሣ መክሬዋለሁ። ሴትዮዋ በመሬቴ ላይ የነበረችበትን ጎጆ ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። እጅግ ታዛዥና ትሑት አገልጋይዎ ለመሆን ክብር አለኝ።»

ክብር አለኝ! ሁለት ጊዜ። አንዴ ሲጀምር፣ አንዴ ሲጨርስ። በመሐል አራስ ከቤቷ አስወጣ።

እኔስ? «ዳኛው አይደግፉም» ብዬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ፔንትላንድ፣ «ይታሰር» አሉ። በቀይ ጥብጣብ አሰርኩት፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቋጠሮዬ ያምራል፤ ሁሉም ይመሰክራል።

ሰኞ፣ ማርች 24

መጣች።

ከኪልሞይል እስከ ደብሊን በእግሯ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ሕፃኑን በሻሏ አዝላ። ዘበኛው ከበሩ አላስገባም ብሏት፣ «የሊምሪክ ደብዳቤ የያዘው ማነው?» እያለ ሲጮህ ክሮስቢ በክርኑ ጎሸመኝ። «ሂድ፣ ፍቅረኛህ መጥታለች።»

ወረድኩ። አጭር ሴት ናት፣ ቀይ ፀጉር። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ከተማ ስትገባ ልታደርገው ነበር፣ እግሯ አብጦ አልገባ አላት።

«ክቡርነትዎ፣ ደብዳቤዬን ያነበቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ተመስገን። መምህሩ ማንም አያነበውም ብሎኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፔግ ላፋንን ከነስሟ ለዳኛው ማን ነገረው? እኛ ለማንም አልተነፈስንም። በጨለማ ነው የተፈራረምነው። አንድ ቀን የዳኛው ሰዎች መጡና 'ፔግ ላፋን ማናት' አሉ። አሮጊቷ እስካሁን ትንቀጠቀጣለች። ከመንደራችን ከሃዲ አለ ማለት ነው?»

ምን ልበላት? ከሃዲው ደሞዝተኛ ነው፤ ጽሑፉም ያምራል።

«የመሥሪያ ቤቱ... አሠራር ነው» አልኳት።

አልገባትም። ቢገባት ይሻል ነበር። ባሏን ኮርክ ወደብ ወስደውታል፤ መርከቡ ከፋሲካ በኋላ ሲነፍስለት ይነሣል ይባላል። ለጊዜው አንዲት ልብስ አጣቢ ዘንድ ተጠግታለች። «በየጠዋቱ እዚህ በር ላይ አለሁ» አለችኝ። ሕፃኑ ጣቴን ያዘ። ቀለም ያለበትን ጣቴን።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ማሰብ አቃተኝ። ወይም ገና ዛሬ ማሰብ ጀመርኩ።

ፔንትላንድ የሚያነቡት ጀርባውን ብቻ ነው። ጀርባውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ታዲያ ባሏን ወደ መርከቡ የሸኘው ማነው? «ምሕረት ትለምናለች» ብዬ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም? ሁሉም ምሕረት ይለምናል። አዋላጅ ሊጠራ ወጣ ብል ምን ነበረበት? ሦስት ቃል ማከል! ቦታም ነበር።

አዲስ መሸፈኛ ወረቀት አድርጌ፣ አዲስ መስመር ጽፌ እንደገና ባቀርበውስ? የዳኛውን መልስ አውጥቼ። ግን መዝገብ ማጉደል ነው። ከሥራ ያስባርራል፣ ምናልባትም ያሳስራል።

ክሮስቢን በዘወርዋራ ጠየቅኩት። «ሎውሪ ወንድሜ፣ የታሰረ ጥብጣብ አይፈታም» አለኝ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ። «ጡረታህን አስብ።»

አሰብኩ። እሱን ማሰብ አያቅተኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ጠዋት በር ላይ ነበረች። በጓሮ በኩል ገባሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ጻፍኩት። ሌላው ወደ ምሳ ሲወጣ ጥብጣቡን ፈታሁ፣ የዳኛውን ደብዳቤ አወጣሁ፣ መሸፈኛውን ቀየርኩ። «ምጥ ለያዛት ሚስቱ አዋላጅ ሊጠራ ወጥቶ ተያዘ። አዋላጇ መስክራለች። መርከቡ ሊነሣ ነው።»

ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። የፔንትላንድ ፊት ዛሬ ጥሩ አልነበረም። ነገ ስቅለት፤ መሥሪያ ቤቱ እስከ ሰኞ ማታ ዝግ ነው። ከበዓሉ በኋላ ይሻላል... ይሻላል እንዴ? ለማን?

እሑድ፣ ማርች 30

ፋሲካ። አከራዬ የበግ ጠቦት ጠበሰች። አንድ ጉርሻ ዋጥኩና ሳህኑን ገፋሁት። «አመመህ?» አለችኝ። አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ ያመመኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

አስገባሁት። ከክምሩ አናት ላይ። ብርዑን አስቀመጥኩ።

ፔንትላንድ ጀርባውን አነበቡ። ቅንድባቸው ተነሣ። «ይሄ እንዴት እስካሁን ሳይቀርብልኝ ቀረ?» ከሥሩ «ይለቀቅ» ብለው ጻፉ፣ ላይ ፎቅ ልከው አስፈረሙ፣ ከቀትር በፊት ተመለሰ። በቃ። አንዴ ለማስነጠስ የሚወስድባቸውን ያህል ጊዜ ፈጀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ንዴት ነው የያዘኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር? ሰውየው ክፉ እንኳ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ እጠላቸውና እገላገል ነበር።

ትእዛዙን በገዛ እጄ ለኮርኩ የፖስታ ሠረገላ አስረከብኩ። ለኦነር ነገርኳት። መሬት ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን አናቱን ሳመችው፣ ሳመችው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ከኮርክ እስር ቤት አዛዥ፦

«ጌታዬ፣ የዳርቢ ሺሂ የመለቀቂያ ትእዛዝ በዚህ ወር 3ኛው ቀን መድረሱን ለመግለጽ ክብር አለኝ። መርከቡ ጥሩ ነፋስ አግኝቶ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ስለ ሄደ ትእዛዙን መልሼ ልኬያለሁ። እጅግ ታዛዥና ትሑት አገልጋይዎ ለመሆን ክብር አለኝ።»

አንድ ቀን። መሳቢያዬ ውስጥ ያደረው ስንት ቀን ነው? አልጽፈውም። ከላይ አለ፣ ቀኖቹ ተጽፈዋል።

ጀርባው ላይ ምን ጻፍኩ? «መርከቡ ሄዷል።» ፔንትላንድ፣ «አሳዛኝ ነው። ይታሰር» አሉ፣ ሱረታቸውንም ሳቡ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ነገርኳት። «ስንት ቀን ጎደለው?» አለች።

«አንድ።»

«ለምን ዘገየ?»

«በዓል... በዓል ሆኖ።»

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጄን ስባ ሳመችው! «እርስዎ የተቻለዎትን አድርገዋል፣ ክቡርነትዎ። በዚህ ግቢ ሰው የሚባል እርስዎን ብቻ አገኘሁ።»

እጄን አልነጠቅኩም። ቤት ገብቼ በሳሙና ፈተግኩት፣ ቢላውን እንዳጠብኩት። የፔንትላንድን ጥፍር ስጸየፍ ነበር እኮ!

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ልብስ አጣቢዋ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለኦነር ነገርኳት። ስለ መሳቢያው። የአዋላጇን ስም ለዳኛው የላከው ማን እንደሆነም።

አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ክቡርነትዎ ማለቷን ብቻ ተወች። «ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ።

ሰኞ፣ ሜይ 12

ከሥራ ከለቀቅኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ፔንትላንድ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጀርባ አንብበው «ይመራ» አሉ። ለማን እንደተመራ እግዜር ይወቅ።

ከግቢው በር ማዶ፣ ኮርቻ ሰፊው ግድግዳ ሥር፣ ጠረጴዛ አለኝ። አቤቱታ እጽፋለሁ። ውስጡን አቤት ባዮቹ እንደፈለጉ ያጽፉኛል፤ ጀርባውን ግን ራሴ ነኝ የምጽፈው። ቁጥር ብቻ የጎደለው አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። የምስክር ስም አልጽፍም።

ዛሬ ኦነር መጣች። ሰላም አላለችኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሚስቶችን ወደ ባሎቻቸው በነጻ የሚወስድ መርከብ አለ ይላሉ። እኔም ልጄም ወደሱ እንሂድ። ጻፍ።»

«እጽፋለሁ።»

«ዛሬ ነው የምትጽፈው።»

«ዛሬ፣ አሁን።»

እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ታዛዥና ትሑት የሚለው ላይ ስደርስ ዘለልኩት። ከዚያ ሦስት ቦታ አጠፍኩ፣ ገለበጥኩት፣ ጀርባውን ጻፍኩ። ለሷም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አሁን አንተ ራስህ አስገባው፣ ሳየው» አለች። እያየችኝ መንገዱን ተሻግሬ አስገባሁት።

ክሮስቢ ነበር በር ላይ የተቀበለኝ፣ አፉ ሙሉ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ውለታህን አልረሳም ሎውሪ፣ ሥራዬን ጨርሰህልኛል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበና ማኘኩን አቆመ።

«የዳርቢ ሺሂ ሚስት። ይለቀቅ ከተባለ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ መዘግየት ወደ ተጋዘው ባሏ መሄድ ትፈልጋለች። ዳኛው ከዚህ ቀደም ተጠይቀዋል፤ እንደገና መምራት አያሻም።»