ያልተሰበረው ዕቃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ከሱቁ፣ በሩ ተዘግቶ

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ አለሁ። እናትሽ ከትናንት ዛሬ ትሻላለች ልልሽ ነበር፤ ግን ዛሬ ላልዋሽ ብዬ ስለተቀመጥኩ እሱንም ትቼዋለሁ። እናትሽ እንዳለችው ናት።

ፊደሌ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፎ ስታዪው አትሳቂብኝ። በእስክሪብቶ አይደለም የምጽፈው፤ ሳይክል ላይ ምልክት በማደርግበት በወፍራሙ ማርከር ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፣ አትቸኩዪ። ብደውል ይቀል እንደነበር አውቃለሁ። ግን "አባዬ" ስትዪኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ያመጣልሻል፤ እሁድ ወንድሙን ሊጠይቅ ወዳንቺ ይበራል።

እንግዲህ ስሚኝ። ይኸው ስድስት ሳምንት ሙሉ "የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" ትዪኛለሽ። የባሕር ማዶው ሱቅ ያለ ፎቶ አቤቱታሽን አልቀበልም ብሎሻል። እኔ ደግሞ አንዴ ስልኬ ተበላሸ፣ አንዴ ዕቃው የት እንደገባ ጠፋኝ፣ አንዴ ኔትወርክ የለም አልኩሽ። ፎቶ የለም፣ ልጄ። ዕቃው አልተሰበረማ! ይኸው ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ጭረት የለበትም። እናትሽን የጣላት ሱቁ አይደለም። አንቺም አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ከመነሻው ልንገርሽ፤ አንዳንዱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የእናትሽ ሳይክል የመሪው አንገት፣ ያ መሪውን ከሳይክሉ ጋር አንቆ የሚይዘው ብረት፣ ሲሰነጠቅ እዚህ ያላየሁት ሱቅ የለም። ለዚያ ዓይነት አሮጌ ሳይክል መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ባሕር ማዶ ያሉት ደግሞ ኢንተርኔታቸው ላይ የሌለ ነገር የለም፣ ወደኛ ግን አይልኩም። ስለዚህ እንደወትሯችን እኔ ለካሁ፣ ቁጥሩን ነገርኩሽ፣ አንቺ አዘዝሽ፣ በአንቺ አድራሻ መጣ፣ አንቺ ደግሞ በመንገደኛ ሰደድሽልኝ። ስንት ሰንሰለት፣ ስንት የፍሬን ጎማ በዚህ መንገድ መጥቶልኛል! ደንበኞቼ "አንተማ ባሕር ማዶ ቅርንጫፍ ከፍተሃል" እያሉ ሲያሾፉብኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ስለካ ግን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "ሃያ ስድስት ሚሊ ነው፣ እዘዢ" አልኩሽ። አንቺም "አባዬ፣ ሱቁ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሃያ አምስት ነጥብ አራትና ሃያ ስድስት። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ በታች ነው፤ እስቲ አንዴ ደግመህ ለካልኝ" አልሽ። ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። አርባ ዓመት ሙሉ መሪ ስፈታ ስገጥም የኖርኩትን ሰውዬ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠች ልጅ ልታስተምረኝ ነው ወይ ብዬ ደነፋሁ። አንቺም ስቀሽ "እሺ ጌታዬ፣ ሃያ ስድስት" አልሽና አዘዝሽ።

እውነቱ ይኸውልሽ። ያኔ ካሊፐሩን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ቁጥሩ አይታየኝም። መለኪያው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አንድ ላይ ሄደው ይቀላቀሉብኛል። ዓይኔ መሐል ላይ ጭጋግ ከተቀመጠ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሱቅ ሲገባ በድምፁ ነው የምለየው፣ ብሎኑን በጣቴ ነው የምለየው። መነጽር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሐኪም ጋ ያልሄድኩት ምን እንደሚለኝ ስለፈራሁ ነው። ዓይኑ ለማያይ ጠጋኝ ሳይክሉን የሚሰጥ ማን አለ? ስለዚህ ያየሁ መስዬ ገመትኩና ነገርኩሽ።

ዕቃው መጣ። ገና መሪውን ሳስገባው አወቅሁ፤ ውስጡ ይጫወታል። ትክክሉ ያ ትንሹ፣ አንቺ ደግመህ ለካ ያልሽኝ ነበር። ያንኑ ዕለት ደውለሽ "ልክ ሆነ? ካልሆነ ሠላሳ ቀን ጊዜ አለን፣ እመልሰዋለሁ፣ ይቀይሩልናል" አልሽኝ። አንዲት ቃል ነበረች ከኔ የምትፈለገው። እኔ ግን "ልክክ ብሏል!" አልኩሽ። አላለም ማለቱ ዓይኔን መናገር ሆኖ ታየኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ የለስላሳ ጣሳ አነሳሁና በመቀስ ቆረጥኩ። እኛ ጠጋኞች የላላውን ሁሉ የምናጠብቀው በጣሳ ቆርቆሮ ነው፤ ዙሪያውን ጠቅልለን ክፍተቱ ውስጥ እንወትፈዋለን። ለመቀመጫ ብረት ምንም አይልም። ለመሪ ግን ክልክል ነው፤ ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዬን ይዞ የነገረኝ ነገር ነው። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቆርቆሮውን በጣቴ ዳሰስኩት፣ እኩል መሰለኝ። ብሎኑን አጠበቅሁ። መሪውን ይዤ ተንጠለጠልኩበት፣ ንቅንቅ አላለም። "በይ እመቤቴ፣ አዲስ ሆኖልሻል" አልኳት እናትሽን። ደወሏን ሁለቴ መትታልኝ ሄደች።

አምስት ሳምንት ያዘ። በስድስተኛው ሰኞ ጠዋት ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች ተብሎ ከጤና ጣቢያው ተጠራች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬን ያዘች፤ ክብደቷ መሪው ላይ ሲያርፍ መሪው ዞሮ ወደ ታች ሸሸባት። በአፍጢሟ ተደፋች። ሰዎች ደርሰው ሲያነሷት "ሴትዮዋስ? ማን ደረሰላት?" ትል ነበር አሉ። ሴትዮዋ በሰላም ተገላግላለች፣ ለሱስ ተመስገን።

የቀኝ እጇ አንጓ ሁለት ቦታ እንደተሰበረ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ አጥንቱ ቢገጥምም ጣቶቿ አይጨበጡም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ሲቀበል የኖረ እጅ ዛሬ ማንኪያ አይዝም። ሐኪሙ "ጊዜ ያስተካክለዋል" ይላል፤ ድምፁ ግን ልቡ እንዳላመነበት ያስታውቃል። ባለፈው ሐሙስ የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጥታ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በቦታዋ ሌላ አዋላጅ እንደሚቀጠር ነገረቻት። እናትሽም "ደግ አደረጋችሁ፣ ሥራ እንዳይበደል" አለቻት። ስትሸኛትም ሳቅ እያለች ነበር። ከዚያ ነጭ ጋዋኗን በአንድ እጇ ስታጣጥፍ፣ ሲፈታባት፣ ደግማ ስታጣጥፍ ቆየች። ላግዝሽ ብላት "ተወው" አለችኝ።

አሁን የሚያሳፍረውን ልጻፍልሽ። በወደቀችበት ቀን ደውለሽ "እንዴት? ምን ሆና?" ስትዪ፣ "ያ የመጣው ዕቃ ተሰብሮ ነው" አልኩሽ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ከአፌ አመለጠ። ከዚያ "እኔ ነኝ፤ በዚያ ልክ ካሉት የረከሰውን የመረጥኩት እኔ ነኝ" እያልሽ ማልቀስ ጀመርሽ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ! ልቅሶሽን ሰማሁ፣ "በርቺ፣ አይዞሽ" አልኩሽ፣ ስልኩን ዘጋሁት። እንዴት ያለ አባት ነኝ?

እናትሽ አልጋው ላይ ሆና ትሰማኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ "ውሃ ስጠኝ"፣ "በሩን ዝጋው"፣ "ተወው" ካልሆነ በቀር ቃል አትተነፍስልኝም። ቀሚሷን እቆልፍላታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ፤ ዝም ብላ ትሰጠኛለች። ያ የምታውቂው ምላሷ፣ በአንድ ቃል ልክ የሚያስገባኝ ምላሷ የት እንደገባ እንጃ። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እሷ እኮ ዕቃው እንዳልተሰበረ ታውቃለች፣ ከመሬት ላይ ሆና አይታዋለች። ጥፋቴን በልጇ ጫንቃ ላይ ስጭን ስለሰማች ጠልታኛለች፤ አልፈርድባትም።

ይህን ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት የላክሽው መልእክት ነው። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው ብዬ ለልብስ ሰፊው ሰጥቼ አስነበብኩት። ጠበቃ አግኝቻለሁ፣ ሱቁን ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ ብለሽ ነበር። ልብስ ሰፊው አንብቦ ሲጨርስ "ታድላችኋል፣ እንዲህ ያለች ልጅ!" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ልጄ፣ ክሱን ተዪው። ሰዎቹ ያዘዝሻቸውን ዕቃ በቀኑ ልከዋል። ገጻቸው ላይ የጻፍሽባቸውንም ስድብ አጥፊው፤ ኮከብ ስጡን የሚሉ ከሆነም አምስቱንም ስጫቸው። የመረጥሽው ጥሩ ዕቃ ነው፣ እጄ ያውቀዋል፣ ንጹሕ ሥራ ነው። መክሰስሽ ካልቀረ ደግሞ እኔን ክሰሺ፤ አድራሻዬን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ብቻ በእናቴ ላይ እጄ አለበት ብለሽ አንዲት ሌሊት እንቅልፍ እንዳታጪ። እለምንሻለሁ።

ሱቁን ከትናንት ጀምሮ ዘግቻለሁ። ደጃፌ የቆሙትን ሳይክሎች ለየባለቤታቸው መለስኩ። ለምን ሲሉኝ "አላይም" አልኩ፤ በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ ዓመት ከመንፈቅ የነካሁት ሳይክል ሁሉ ያስፈራኛል፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ "እባካችሁ ሌላ ባለሙያ ይፈትሽላችሁ" እያልኩ ነው። ሃያ አንዱ ጋ ደርሻለሁ፣ የቀሩኝ ብዙ ናቸው። ሐኪም ጋም ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ለዓርብ።

ነይ አልልሽም። ሥራሽ አለ፣ ኑሮሽ አለ። ክፍልሽን ግን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ፣ እንዲያው አቧራ እንዳይበላው ብዬ ነው።

ፈጣሪ ከወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ። እጅሽ የነካው ይባረክልሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ እኔ ያስለቀስኩትን ዓይንሽን ደስታ ያብሰው። የጫንኩብሽን ሸክም አሁኑኑ አውርጂው፣ የኔ ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ከቻልሽ ግን ደስ ይለኛል።

አባትሽ

ደግሞ፦ ላሽገው ብዬ ቤት ይዤው ስገባ እናትሽ "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ። "ለልጅሽ እውነቱን ጽፌላታለሁ፤ ዓይኔንም ጭምር" አልኳት። ግራ እጇን ዘረጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስታለቅስ እሰማት ነበር። ከዚያ "እስክሪብቶ አምጣልኝ፤ ማርከሩን ተወው፣ እኔ በትንሹ ነው የምጽፈው" አለችኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ያህል አውርታኝ አታውቅም። ስድብ ከሆነም ይገባኛል። ከታች ቦታ ትቼላታለሁ።

ልጄ፣

በግራ እጄ ስለሆነ ፊደሉን ታገሺው።

አባትሽ የማያውቀው ነገር አለ። ዓይኑ እንደደከመ ካወቅሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከብርጭቆው ውጪ ሻይ ሲቀዳ አይቼ፣ ሳይሰማ ጠረጴዛውን እጠርግ ነበር። እንዳይሰበር ብዬ ዝም አልኩ።

ከመውደቄ በፊት ባለው ቅዳሜ መሪው እጄ ላይ ሲንሸራተት ተሰምቶኛል። ወርጄ አየሁት። የጣሳው ቆርቆሮ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ጫፉ ወጥቷል። ለሱ ብነግረው "አንተ አታይም" ማለት ሆነብኝ። ሌላ ጠጋኝ ጋ ብወስደው ሰፈሩ ሁሉ ሊያውቅበት ነው። ሰኞ ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ምጥ ነው ሲሉኝ ቀስ ማለቱን ረሳሁት።

"ዕቃው ተሰበረ" ሲልሽ ፊቴን ያዞርኩት ጠልቼው አይደለም። ውሸቱ እኔንም ሸፈነኝ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔም እየሰማሁ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ቀሚሴን ሲቆልፍልኝ ቀና ብዬ ላየው አፍራለሁ። እሱ ዝምታዬን ቁጣ አድርጎት ይቅር በዪኝ ባይ ሆኖ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ልነግረው እጀምርና "ውሃ ስጠኝ" ብዬ እተወዋለሁ።

ይህን ማንበብ አይችልም። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪና አንቺ አንብቢለት። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

እናትሽ