ጥቁሩ ሰውዬና ወንበሩ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አዲሱ ሥራ ተጀመረ። አጭር የአኒሜሽን ፊልም ነው። አንድ ሰውዬ ወንበሩን ተሸክሞ የሚቀመጥበት ቦታ ፍለጋ ከተማውን ይዞራል። ታሪኩ ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ግን ሰውዬው ድፍን ጥቁር ይሁን ብሏል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ የልብስ እጥፋት የለ... ከወረቀት ተቀዶ የተለጠፈ ይመስል።

«በስሪዲ፣ ከየአቅጣጫው እንዲታይ አድርገን ሠርተን መልሰን ጠፍጣፋ ልናደርገው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን በወረቀት አንሠራውም?»

«ካሜራው እንዲዞረው እፈልጋለሁ።»

የመብራት ባለሙያችን፣ አምፖል የምንለው፣ «መብራት የሌለው ፊልም! እኔ እንግዲህ ሻይ ላፍላላችሁ?» አለ።

ቀላል መሰለኝ። መብራት ማጥፋት፣ ጥቁር መቀባት... አለቀ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አላለቀም።

ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ እጁ የለም። ጥቁር በጥቁር ላይ። ወንበሩን ሲያቅፍማ ሁለቱም ጠፍተው ስድስት እግር ያለው ነገር ሆኑ። አምፖል አየና «ሸረሪት ነው ወይስ ዘመድ?» አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ... ወደ እኛ ነው የሚመጣው ወይስ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሚሄደው? አንዴ ሲመጣ ይታየኛል። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ስገልጥ ሲሄድ። ራሴ የሠራሁትን ራሴ ማወቅ አቃተኝ! ለካ ፊት ስንት ነገር ነው የሚነግረን።

ቤት ስገባ የአባዬ በር ዝግ ነው። እራቱን ዛሬም ክፍሉ ሆኖ በላ።

አርብ፣ የካቲት 7

ዳር ዳሩን ቀጭን ነጭ መስመር አደረግኩለት። ዳይሬክተሩ እንቢ አለ። ወንበሩን ትንሽ ግራጫ ባደርገውስ? እንቢ። «ሰውዬውን በአቋሙ ብቻ ልወቀው» አለ። እስከሚቀጥለው አርብ ካልሆነልኝ ሐሳቡን ጥለን እንደ ወትሮው ፊት እንሰጠዋለን።

ሥራው ስለሚቀልልኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሰውን ያለ ፊቱ የምናውቀው በምንድን ነው? ይሄ ነገር አልለቀኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ልጄ ጠዋት «እማዬ፣ አያቴ ለምንድነው ከክፍሉ የማይወጣው?» አለችኝ። ምን ልበላት? የአባዬ ግማሽ ፊት ሽባ ሆኖ ከወረደ አራተኛ ወሩ ነው። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎ ሸኘን። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ኳስ ሲዳኝ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እየሰደበው ንቅንቅ ያላለ ሰው፣ አሁን የልጅ ልጁን ፊት ይፈራል።

ከሰዓት በረንዳ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ቤት ውስጥ ሰው የለም ብሎ ነው መሰለኝ አባዬ ወጣ። ፀሐይዋ ከጀርባው፣ እኔ ከአንሶላው ወዲህ። ጥላው አንሶላው ላይ አረፈ... አባዬ ነው! በምን አወቅኩ? ፊት የለ። ሻርፕ አይታይ። ትከሻው ለጠጥ፣ እጆቹ ከጎኑ ራቅ። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ተመልካች እንኳ እንዲያየው ሜዳ መሀል የሚቆምባት አቋም።

እንዳያየኝ ከአንሶላው ወዲህ ዝቅ አልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ፎቶ ከሆነ አይሆንም።»

«ጥላህን ነው።»

«ጥላዬን?»

«ድፍን ጥቁር። አንተ ከአንሶላው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።»

ሻርፑን አጥብቆ ጠመጠመ። ከዚያ «አጮልቀሽ ብታዪኝ ወየውልሽ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

አንሶላውን ሳሎን መስኮቱ ፊት ሰቀልኩ፣ ስልኬን ለቪዲዮ ደገንኩ። የወጥ ቤቱን ወንበር ሰጠሁት። ታሪኩን ስነግረው «ወንበር ይዞ መቀመጫ አጣ? ጅል ነው እንዴ?» አለ። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀ። ከዚያ... ወንበሩን ራሱ ላይ ደፋው፣ ቀንድ አወጣ። አስቀመጠው፣ ዞረው፣ ሊቀመጥ ሲል የጠራው ያለ ይመስል ብድግ። በመጨረሻ ተናዶ ወንበሩን በቀይ ካርድ አሰናበተው!

ልጄ መቼ እንደመጣች እንጃ፣ አጠገቤ ሆና በሳቅ ፈነዳች። ጥላው ባለበት ቆመ። ወጥቶ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

ደገመላት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ቪዲዮውን እያቆምኩ ሳየው ዋልኩ። እጁ ደረቱን አይሸፍንም። ወንበሩና እሱ መሀል ሁልጊዜ ክፍተት አለ፣ ብርሃን የሚያሾልክ። ለካ ሥራውን የሚሠራው ክፍተቱ ነው! ሲያስብ ወደ ጎን ዞር ይላል፣ አፍንጫው ይወጣል።

ይህን ሁሉ ለሰውዬው ሰጠሁት፤ አፍንጫው እንዲታይም ካሜራው በዞረ ቁጥር ጭንቅላቱን ለብቻው ወደ ጎን ጠመዘዝኩት። አምፖል ለጨዋታ መብራት ሲያበራበት ደንግጦ ጮኸ። «ኧረ አንገቱን ሰብረሽዋል!» እውነቱን ነው፣ ያስፈራል። መብራቱን አጠፋነው፤ ልክ መጣ። መብራት ሲኖር ውሸት፣ ጥቁር ሲሆን እውነት... ምን ዓይነት ነገር ነው?

አርብ፣ የካቲት 14

ዳይሬክተሩ ሦስቴ አስደግሞ አየ። «ይሄ ሰው ማን ነው?»

«ሰውዬው ነዋ።»

«አይደለም። ይሄ የሆነ ሰው ነው።»

ነገርኩት። ሥራው ጸደቀ። ግን የቀረውን ሁሉ አባዬ ይጫወተው፣ እዚሁ ስቱዲዮ ይምጣ አለኝ። ደስታዬ እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። ከክፍሉ አልወጣ ያለውን?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

«አልሄድም» አለ። በሩን ዘጋ። ምን አስቸኮለኝ እኔን...

ሰኞ፣ የካቲት 17

ስቱዲዮውን አላነሳሁበትም። የተሠራውን ብቻ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩለት። በደንብ ለማየት ሻርፑን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

«እግሬን እጎትታለሁ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ማንም አልነገረኝም!» ጠጋ አለ። «እዚህ ጋ አፍሯል። ሰው ሲያልፍ ወንበሩን ከኋላው ሲደብቅ... ፊት የለውም። ማፈሩን በምን አወቅኩ?»

ደግመን አየነው። ደግመን።

ልጄ ሹልክ ብላ ገብታ መሀላችን ተወሸቀች። ሻርፑን ረስቶታል። ቀና ብላ አየችው።

«አያቴ፣ አፍህ ተኝቷል።»

ሻርፑን ልስብለት እጄን ዘረጋሁ።

«ግማሹ ነው የተኛው» አላት።

«መቼ ይነሳል?»

«ሰነፍ ነው፣ አይታወቅም።»

«እሺ። ቀንድ የሚያወጣበትን ድገሙልኝ» አለች።

ደገምንላት። ስትወጣ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ «ስቱዲዮው ሩቅ ነው?» አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አባዬ ስቱዲዮ መምጣት ከጀመረ ሳምንት አለፈው። ሰውዬውን ጨርሶ አሁን በፊልሙ ያለችውን ጎረቤቱን ሴትዮ እየተጫወተ ነው። ዛሬ እኔን ሳይጠብቅ ብቻውን በአውቶቡስ ቀደመኝ። ስገባ ሻርፕ የለ፣ ምን የለ፣ ክፍሉ መሀል ቆሞ ዳይሬክተሩን አረማመድ ያስተምራል። «ዳሌህን ተው! ክርንህን ነው ያልኩህ!» አምፖል መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል።

ፊቱ እንዳለ ነው። አልተመለሰም። ይመለስ ይሆን? ዛሬ እሱም አልጠየቀኝም።

ምሳ ላይ «አውቶቡስ ውስጥ አንዷ አፍጥጣ አየችኝ» አለ።

ጉርሻዬን መለስኩ። «ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? እኔም አየኋታ!»