አባቴ ሳይሞቱ መቃብራቸው ስለ መለሰኑ

ለአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት
ቀን፦ መጋቢት 14

ጉዳዩ፦ በሼኹ መቃብር ግቢ የተቆለፈባቸው አባቴ በሕይወት ሳሉ እንዲመለሱልኝ ስለ መጠየቅ

አስቀድሜ፣ በሼኹ ላይ አንድም ክፉ ቃል እንደሌለኝ ይታወቅልኝ። የመቃብራቸውን ደጃፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜአለሁ። አሁን ግን ላም እሳት ወለደች ሆኖብኛል፤ ብናገር ደፋር፣ ዝም ብል አባት አልባ ነኝ።

1. አባቴ ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። በእርጅና የራሳቸውን ስም እንኳ ረስተዋል። በበጋው መግቢያ ከቤት ወጥተው ጠፉ፤ ሲደክማቸው በመቃብሩ ግቢ፣ ሼኹ በሕይወት ሳሉ ይቀመጡበት በነበረው ምንጣፍ ላይ ዐረፍ አሉ። ሼኹ ደግሞ ሊሞቱ ሲሉ «ስሙን የማያውቅ ሰው ይተካኛል» ብለው ነበር አሉ። የመቃብሩ አገልጋዮች ስማቸውን ጠየቋቸው፤ አባቴ አላውቅም አሉ። በቃ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ወሊይ ሆኑ።

2. የአገልጋዮቹ አለቃ፣ ሰዉ «አባ ቁልፍ» የሚለው፣ ክፍሉን ቆልፎባቸዋል፤ የሚከፍተው ለዱዓ ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይዤ ብሄድ «የወሊይ ደም ሐኪም አያውቀውም» ብሎ ወረወረብኝ። አባቴ የውዱ መታጠቢያው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከሰሙ ሊጠግኑ ይነሣሉ፤ አገልጋዮቹ ግን መንፈስ ወረደባቸው፣ ሐል ያዛቸው እያሉ አራት ሆነው ይጫኗቸዋል። ጥፍራቸውን ለበረከት እየቆረጡ ጣታቸውን አድምተውታል። ይጾማሉም ይባላል፤ ጥርስ ስለሌላቸው ደረቁን ዳቦ ማላመጥ አቅቷቸው ነው።

3. ልጃቸው ነኝ ብል አባ ቁልፍ «ከሆንሽ ይወቁሻ!» አለኝ። ጠጋ ብዬ አባባ ብዬ ጠራኋቸው። አላወቁኝም። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም እዚያው ፊታቸው አለቀስሁ።

4. ከሼኹ ጎን ጉድጓዳቸው ተቆፍሮ በሲሚንቶ ተለስኗል። የቀረው የእሳቸው መሞት ብቻ ነው።

የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ «በሃይማኖት ጣልቃ አንገባም» ብላ መልሳኛለች። እኔ የጠየቅሁት አባቴን ነው። በሩ ተከፍቶ ሐኪም እንዲያያቸውና ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ እንዲታዘዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ምስክር የላትም እንዳልባል፣ ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ዓርብ ከባለቤትዎ ጋር ለዱዓ ሲመጡ እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። አባቴ እጅጌዎን ጨብጠው «ልጄ፣ ቤቴ ውሰደኝ» አሉዎት። እርስዎም «አሚን» ብለው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቅቀው ወጡ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ
(ፊርማ)