ዶርካስ ቀጥ ያለች ዕለት

ባርንስሊ፣ እሑድ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2013

ለውዷ ልጄ ለሮዛሊንድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፐርዝ ሙቀቱ ጀመረ ወይ? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ጋ ያው ዝናብ ነው።

አሁን ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ። አባትሽን ኦገስት ላይ ስትሮክ መቶታል። አትደንግጪ፤ ይናገራል፣ ይራመዳል፣ እኔንም እንደ ድሮው ይቆጣል። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎታል፤ ይንቀጠቀጣል፣ የያዘውን ይጥላል። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ፈቀደልኝ። እንዴት እንደፈቀደ ካልነገርኩሽ ግን አይገባሽም።

እኔን ያስፈራኝ ከእጁ ይልቅ ኩራቱ ነው። እጁን የሚያለማምዱበት ሕክምና ቀጠሮ ሰጥተውት አልሄድም ብሎ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በር ዘግቶ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ይታገላል። ልርዳህ ካልኩት መልሱ "ገና አልሞትኩም!" ነው። በዚህ መሃል የትንንሽ ባቡር ሠሪዎቹ ክበብ ዓመታዊ ትርኢት ደረሰና "ዘንድሮም ዶርካስን የምነዳት እኔ ነኝ" አለ። አባትሽን አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ከተዋረደ ጓሮ ያለው ጎጆው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቢሉት፣ ወዳጅ ቢሉት አይወጣም።

ዶርካስን መቼም አትረሻትም። የከሰል ማዕድኑ ግቢ ውስጥ ዕድሜውን የነዳትን ባቡር መዳፍ ላይ እስክትቆም አሳንሶ የሠራት፣ አራት ጎማ ብቻ ያላት፣ የውሃ ጋኗን ጀርባዋ ላይ ያዘለች፣ ፉርጎ ከመግፋትና ከመሳብ በቀር ሌላ ሥራ የሌላት ጉደኛ ናት።

ትናንት ከቤት ከመውጣታችን በፊት ዘይት ሊቀባት ተቀመጠ። ዘይቱ በመርፌ ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው።

"አምጣ፣ እኔ ልያዝልህ" አልኩት።

"ዊኒ፣ ተዪኝ አልኩሽ!"

እጁ ተንቀጠቀጠና ዘይቱ ጎማዋ ላይ ፈሰሰ። በመሐረብ ጠራረገው፤ እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ ወደ እሷ የሚገባው በጎማዋ ነው፤ ዘይት ካለ አይገባም። ይህንን እኔም አውቃለሁ፤ ከሠርጌ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጨዋታው ያው የድሮው ነው፤ ከተመልካቹ አንዱ የፉርጎ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ያወጣል፣ ዶርካስም ፉርጎዎቹን በካርዶቹ ቅደም ተከተል ታሰልፋለች። እጅ መንካት ክልክል ነው። የነካ "የእግዜር እጅ ወረደ!" ተብሎ ይጮህበትና የክበቡን ሲኒ ሁሉ ሲያጥብ ይውላል። ሕጉን ያወጣው ማን ይመስልሻል? አባትሽ!

መቆጣጠሪያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኙን ኪሱ ከቶ ጀመረ። የከሰሉን ፉርጎ አወጣች፣ የጡቡን አስከተለች፤ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። የክበቡ ሊቀ መንበር ዴስሞንድ ሃርግሪቭስ ያን ሆዱን አስቀድሞ መጣ።

"ክሊፍ፣ ምነው፣ ቀብር ነው እንዴ የምትሸኘው?"

"ያንተ ቀብር ቢሆንማ እፈጥን ነበር" አለው አባትሽ፤ ሰው ሳቀ።

የመጨረሻውን ፉርጎ ልትጎትት ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስትደርስ ቀጥ አለች። የጠዋቱ ዘይት ነው። የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ አዞረ፤ ምንም። ሐዲዱ የተዘረጋበትን ጠረጴዛ በጉልበቱ ነካ አደረገ፤ ምንም። ዴስሞንድ እጁን ሊሰድ ሲል ገላመጥኩት፤ ገባው መሰለኝ ወደ ኋላ አለ።

አባትሽ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹ እየተርገፈገፉ ወደ ዶርካስ ሲወርዱ ያን ሁሉ ፉርጎ ሊገለብጠው ነው አልኩ በልቤ። ፊት ለፊት የቆመች ሴትዮ እጁን አየችና አንገቷን ደፋች። የሷ ማዘን ገደለኝ። የእኔም እጅ ተነሣ፤ መልሼ ቀሚሴን ጨበጥኩበት። ሳይጠይቀኝ ዶርካስን ብነካት ይቅር እንደማይለኝ አውቃለሁ።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

"ዊኒ" አለኝ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ "እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ግፊልኝ።"

ሮዚ፣ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በጣቴ ጫፍ ገፋ አደረግኳት፤ ሄደች። "የእግዜር እጅ" ያለ ሰው የለም። አባትሽ ዞሮ "ዴስሞንድ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየናለህ? ጩህ እንጂ! ሕግ ሕግ ነው!" አለው። ዴስሞንድ ጮኸ፤ አዳራሹም ተቀበለው። በኋላ ሲኒውን እኔ ሳጥብ አባትሽ በአንድ እጁ ያደርቅ ነበር። አንዱን ሰበረ፤ ሌላውን አቀበልኩት።

ዛሬ ቁርስ ላይ "በይ ለሐኪሞቹ ደውዪላቸው" አለኝ። ቀጥሎም "ለልጅቷም ጻፊላት። ግን ነይ እንዳትያት፤ ሥራም ልጆችም አሉባት" አለ። ስለዚህ ነይ አልልሽም። መንገዱም ሩቅ ነው። እኛ ደህና ነን፤ ሐሳብ አይግባሽ።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ዊኒፍሬድ

ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባትሽ "አምጪው" ብሎ ወሰደብኝ። ከታች ያለውን የጻፈው በግራ እጁ ነው፤ ብዙ ደከመበት።

ሮዚ፣ ነይልኝ።