ለአክስቴ ሜርል የሸጥኩት ክር

ከሪንጋሩማ ላይኛው ጅረት፣ ማክሰኞ

ክላይቭ ወዳጄ፣

አክስቴ ሜርል ዛሬ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓን ለጎረቤት ልትሰጥ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንጉ ላይ «3» ስለሚል ቁጥር 3 የሚባለውን ቀጭን ክር ሸጥኩላት። ከማጥመጃ ዕቃ ሱቃችን ጀርባ ሣሩ ላይ ስንሞክረው አሥር ሜትር ያለ ችግር ሄዶ ነበር። እዚህ ግን ጅረቱ ከበረንዳችን አይሰፋም፣ ዛፉም ከላይ ገጥሟል፤ የሚወረወረው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ቀጭን ክር እንዲህ ሲያጥር ዘንጉን የሚያጎብጥ ክብደት የለውም። አክስቴ በወረወረች ቁጥር መንጠቆው ላይ ያለችው ሰው ሠራሽ ዝንብ እዚያው እግሯ ሥር ወደቀች።

«ክንዴ አበቃለት፣ ሌስ» አለችኝ። እንዲህ ዝግ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ከራሴ ዘንግ ላይ የክር መጠቅለያውን ከነከባዱ ቁጥር 4 ክሩ ነቅዬ ዘንጓ ላይ ገጠምኩላትና እውነቱን ነገርኳት።

«አንተ አጭበርባሪ! ጠዋቱን ሙሉ ክንዴን ስረግም እያየህ?»

«ለቅጣቴ የምሳችንን ሳንድዊች እኔ እሸከማለሁ፣ አክስቴ።»

«እሱንማ ትሸከማለህ! አሁን ከኋላዬ ዞር በል።»

በሁለተኛው ውርወራ ዝንቧ ውኃው ውስጥ ከወደቀ ግንድ አጠገብ ቀስ ብላ አረፈች። አክስቴም መዳፍ የምታክል ትራውት ዓሣ ያዘችና መልሳ ለቀቀቻት።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ማርጎን ሰላም በልልኝ። አክስቴም ሰላም ብላሃለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ከውኃው አልወጣም ብላለች።

ሌስ