ለሙላቴ፦ በእንግሊዝኛ ማሰብ ጀምሬያለሁ

ይድረስ ለሙላቴ፣ ለቤቴ ራስ፤

ካረፍህ ሁለተኛው መስከረም ጠባ። ጣና ሞልቷል፣ ደንገሉ አድጓል፣ እኔም አድጌያለሁ። አትሳቅ! ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፈርሚ ስትባል አውራ ጣቷን ቀለም ታስነክር የነበረችው ሚስትህ፣ ከማታ ትምህርት ቤት ፊደል ጨርሳ እንግሊዝኛ ገብታለች። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ዓሣ አብራኝ የምትሸጠው እትዬ ጥሩዬ ሁለተኛ ወጥታ፣ «መነጽሬን ረስቼ ነው እንጂ» ትላለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም።

ያልነገርሁህ ነገር ግን አለ። አንተ ከሄድህ ወዲህ ልጃችን ትርንጎ ትምህርቷን ትታ ነበር። ደብተሯን አልጋ ሥር ወርውራ ከእኔ ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትበልት ትውላለች። ድምፅ የላትም። ማታ ማታ የምታስጠናት አንተ ነበርህና፣ ያላንተ ደብተር መግለጥ አስጠላት። ብቆጣ፣ ብለምን፣ የንስሐ አባታችንን ብልክባት፣ ወይ ፍንክች!

ኋላ አንድ ነገርህ ትዝ አለኝ። ደቅ ደሴት የቆሎ ተማሪ ሳለህ፣ የኔታ ቀደም ያለውን ተማሪ ወደ ኋላ ለቀረው አስተማሪ ያደርጉት ነበር ብለኸኛል። ሌላውን ሲያስተምር የራሱም ይጠናለታል ነው ነገሩ። እኔም ወደ ኋላ የቀረች ተማሪ ለመሆን ወሰንሁ። ለዚህስ ማን ይስተካከለኛል!

መምህራችን በእንግሊዝኛ የሰጡን ቃላት ስለ ማሰብና ስለ ማወቅ ነበሩ፦ ቲንክ ማሰብ፣ ኖው ማወቅ፣ ጌስ መገመት፣ ለርን መማር። ቢላዬን እንደያዝሁ እትዬ ጥሩዬን ማስጠናት ጀመርሁ፤ ጮክ ብዬ፣ እንደ ሰባኪ። «ለርን ማለት መርሳት ነው፣ ጌስ ማለት ማወቅ ነው።» እሷም ተንኮሌ ገብቷት ራሷን ትነቀንቃለች። ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ቻለች፣ ቻለች። «ቲንክ ማለት መተኛት ነው» ስል ግን ቢላዋውን ጣለችው።

«ኧረ እማዬ በቃሽ! የሰው መሳቂያ አደረግሽን!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ናት። ስታስረዳ ቁርጥ አንተን፤ ሁሉን በዓሣ ነው። «ስተዲ» መረብ መጣል ነው፣ «ለርን» ዓሣ መያዝ ነው፤ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ባዶውን የሚመለስም አለ ትለኛለች። «ጌስ» ውኃው ሲናወጥ ጢማሙ አምባዛ ይሆናል ብሎ መገመት፣ «ኖው» ጀልባ ላይ አውጥቶ ጢሙን ማየት። «ሪያላይዝ» ደግሞ ዓሣው ካመለጠ በኋላ የመረቡ ቀዳዳ ሲታይህ ነው። «አንደርስታንድ» የሚለውን አንቺው አስረጂኝ አለችኝ። እኔም አባትሽ ከሐይቅ ሲመለስ አፉን ሳይከፍት ውሎውን ካረማመዱ እረዳው ነበር አልኋት። ቃሉን ከነትርጉሙ ደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ።

አንድ ቀን የማታውቀውን ቃል ጠየቅኋት። አላውቅም ማለት ሞት ሆነባት። በዚህስ አንተን ሳይሆን እኔን ናት! በማግስቱ ደብተሯን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። ምዝገባ ሲጀመር ማንም ሳይነግራት ዩኒፎርሟን አጥባ ሄደች። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ገብታ ተቀምጣለች።

ትናንት የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ «ሪመምበር» በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሪ ብላ። «አይ ሪመምበር ሙላት» ብዬ ጻፍሁ፤ ሙላትን አስታውሳለሁ ማለቴ ነው። እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ አየችው። ስምህን ከቀበርንህ ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ከዚያ «አይ» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ «ዊ» ብላ ጻፈችበት። እኔ ያልሁትን እኛ አደረገችው፤ ስምህንም ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

እንግዲህ አትስጋ፣ ሙላቴ። አንተን ለማስታወስ እኔ ብቻዬን እበቃ ነበር፤ ጉራ አይደለም። አሁን ግን ሁለት ነን። አንዳችን ብንዘነጋ ሌላችን እናርማለን፤ እስክንገናኝ ድረስ እንዲሁ ነው።

ሚስትህ ይርገዱ