የታደለ ሞተር አጭር ሞላ

ጋምቤላ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለመላው ጋምቤላ! የአማቼ የታደለ ሞተር ሳይክል ዛሬ ጠዋት አዲስ የፍሪሲዮን ሞላ መልበሷን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ።

የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነውና መድኃኒት ጭኖ ወደ ጎግ ሲነሳ፣ «አባባ፣ ሞላውን ለክተውታል?» አለኝ። «አንተ መርፌህን ለካ!» ብዬ አሾፍኩበት።

ከሰዓት በኋላ የዕቃ ሳጥኔን ስከፍት ረጃጅሞቹ ሞላዎች እዚያው ተኝተዋል። የሱ ሞተር አዲሱ ሞዴል ናት፤ የምትፈልገው እነዚህን ነበር። እኔ የገጠምኩላት የድሮውን ሞዴል አጫጭሮቹን ነው። ጭቃ ሲይዛት፣ አጭር ሞላ አጥብቆ ስለማይጫነው ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል፤ ትጮሃለች እንጂ ጎማዋ አይዞርም። በጎግ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መንገዱ ላይ ሰሞኑን አንበሳ ታይቷል።

ልጄ ጽጌ፣ «አባባ፣ ምነው ሳጥኑ ላይ አፈጠጡ? ሞተሯ ደህና አይደለችም እንዴ?» አለችኝ።

«ሞላው ለሁሉም ሞዴል አንድ ነው፤ ባልሽ ነገ ይመለሳል» አልኳት።

ስለ ሞላው ያልኩት ፈጠራዬ ነው። መመለሱንም ፈጠራ አታድርግብኝ፣ አምላኬ።